የሲኞራ ሹካ

ሹካ ወለል ላይ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ያስደነግጠኛል። ሰው ቤት ተጋብዤ፣ ወይም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ምሳ ተቀምጬ፣ ያ ቀጭን የብረት ድምፅ ድንገት ሲሰማ፣ የጀመርኩትን ወሬ ሳልጨርስ፣ የጎረስኩትን ሳልውጥ፣ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ወደቀው ሹካ ሳይሆን ወደ ጣለው እጅ ነው። «ምን ሆንሽ?» ይሉኛል። ምን ብዬ ላስረዳቸው? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ እዚሁ ሮም፣ ቴስታቾ ገበያ ውስጥ፣ የእናቴም የእኔም ኑሮ በአንዲት አሮጊት ሹካ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ብል ማን ያምነኛል?

ከአዲስ አበባ የመጣሁት ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ወር ሲቀረው ነበር። እናቴ አራት ዓመት ቀድማኝ መጥታ፣ ሲኞራ ቪቶሪያ የሚባሉ ሰማንያን የተሻገሩ ሴት ቤት ተቀጥራ፣ እዚያው እያደረች ትጦራቸው ነበር። አባቴ እኔ ጡት ሳልጥል ስለሞተ እስከዚያ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ሲኞራ፣ እናቴ ልጅ እንዳላት በሰሙ ጊዜ «ታዲያ ለምን አትመጣም? ከማድ ቤት አጠገብ ያለው ክፍል ባዶ አይደለም እንዴ?» ብለው ቤታቸው እንደምኖር የሚያረጋግጠውን ወረቀት በራሳቸው እጅ ፈርመው እንድመጣ አደረጉ። የሚገርመው፣ ከመጣሁ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እንድመጣ የፈቀዱት እሳቸው መሆናቸውን ረሱት። ጠዋት ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ሲያገኙኝ «የማን ልጅ ነሽ አንቺ ቆንጆ?» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ጣልያንኛው አፌ ላይ ስላልተፈታ በጣቴ ወደ እናቴ እጠቁማለሁ፤ እሳቸውም «አሃ፣ የዘነበች!» ብለው ጉንጬን ቆንጠጥ ያደርጉኛል። እኔን በየቀኑ ይረሱኝ እንጂ የእናቴን ስም አንድ ቀን ረስተውት አያውቁም።

አንድ ልጃቸው ሲኞር ፓኦሎ ቶሪኖ ነበር የሚኖረው። ኢንጂነር ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲያዳምጥ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውል ሰው። በየሦስት ወሩ አንድ ቅዳሜ በጠዋት ባቡር ይመጣና፣ እናቱን፣ እናቴንና እኔን ይዞ ቴስታቾ ገበያ ምሳ ጋብዞን፣ በአሥራ አንድ ሰዓቱ ባቡር ይመለስ ነበር። ገበያው ከቤታችን ሦስት መንገድ እንኳ አይርቅም። በአንድ ወገን አትክልቱ፣ ዓሣው፣ ሥጋው፣ ጫማው ሳይቀር ይሸጣል፤ በሌላው ወገን የምግብ መደብሮቹ ተደርድረው፣ የሮም ሰው ከየሰፈሩ እየመጣ ምሳውን በእጁ ይዞ ባዶ ወንበር ሲሻማ ይታያል። የሚጠበሰው ዘይት፣ የተቀቀለው ሥጋ፣ የሎሚው ልጣጭ፣ ከዳቦ ቤቱ የሚመጣው የቫኒላ ሽታ አንድ ላይ ይቀበላችኋል። ሌላ ልጅ ቢሆን በደስታ የሚዘልበት ቦታ ነበር። ለእኔ ግን የፈተና አዳራሽ ነበር፤ ተፈታኟ ሲኞራ፣ ውጤቱን የምንቀበለው እኛ።

ፈተናው የተነገረን በመጀመሪያው ምሳ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር፣ ሲኞራም ያን ቀን በደንብ በሉ፤ ፓስታቸውን እየጠቀለሉ፣ በመሀል ሹካቸውን ወደ ልጃቸው ቀስረው ስለ ፀጉሩ መሳሳት እየቀለዱ ሳህናቸውን አጸዱት። ሲኞር ፓኦሎ መነጽሩን አውልቆ እየወለወለ ወደ እናቴ ዞረ።

«አሎራ፣ እንግዲህ ዘነበች፣ ነገሩ ግልጽ ነው» አላት። «እናቴ በራሷ እጅ እየበላች እስካለች ድረስ ከቤቷ አትወጣም። በራሷ መብላት ያቃታት ቀን ግን ቶሪኖ፣ እኔ አጠገብ ወዳለው የአረጋውያን ማረፊያ እወስዳታለሁ። ያኔ ነርስ ያስፈልጋታል።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ሲኞር» አለች እናቴ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ለመጥላት ይቀለኝ ነበር። ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ቤት የሚያድሩ ሠራተኞች ሁሉ በሚያርፉበት ሰዓት፣ ፒኜቶ የሚባል ሰፈር እትዬ ጥሩ ቤት ስንሄድ ነው። እትዬ ጥሩ የእናቴ ጓደኛ ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጧታል፣ ሮም ከገቡም ቆይተዋል፣ አፋቸው ደግሞ እንደ ምላጭ ነው። እናቴ ሲኞራ ከሄዱ ኮንትራቷ እንደሚያበቃ፣ ኮንትራቱ ካበቃ ፔርሜሶዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ የምታሳድስበት እንደሌላት፣ ቤቱም ከሌለ የእኔ ወረቀት አብሮ እንደሚወድቅ ስትነግራቸው፣ እትዬ ጥሩ ሳቅ ብለው «እንግዲህ ዘኑዬ፣ ፔርሜሶሽ አሮጊቷ ሹካ ላይ ተሰክቶ ነው ያለው በይኛ!» አሏት። እናቴም አብራ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲኞራ በበሉ ቁጥር ሹካው ከሳህን ተነስቶ አፋቸው እስኪደርስ ትንፋሼን ይዤ የምጠብቅ ልጅ ሆንኩ።

ታኅሣሥ ሲገባ፣ እኛ አገር ሰማዩ ጥርት በሚልበት ወር እዚህ ዝናቡ መስኮት ሲደበድብ፣ የሲኞራ እጅ ሹካውን ይረሳው ጀመር። አንስተው እንደማያውቁት ዕቃ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ያዩትና፣ መልሰው ከሳህኑ አጠገብ በጥንቃቄ ያስቀምጡታል። እናቴ በማንኪያ ልታበላቸው ስትሞክር ደግሞ ከንፈራቸውን ገጥመው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ብዙ ነገር ቢረሱም ማንኪያ የሕፃን መሆኑን ግን አልረሱም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀሚሳቸው ሰፋባቸው። እናቴ እያባበለች፣ እኔ ከበር ኋላ ሆኜ የማርያምን ስም እየጠራሁ፣ አንዳችንም የምናደርገው ጠፋን።

አንድ ረቡዕ ቀን፣ እኔና እናቴ ማድ ቤት ተቀምጠን የጾም ምስራችንን በዳቦ እያጠቀስን ስንበላ፣ ሲኞራ የሌሊት ልብሳቸውን እንደለበሱ ገብተው አጠገባችን ቆሙ። የእናቴ እጅ ከሳህን ወደ አፏ ሲመላለስ ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ ቀስ ብለው አፋቸውን ከፈቱ። እናቴ እኔን አየችኝ፣ በሩን አየች፣ ከዚያ ተነስታ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ትንሽ ዳቦ በምስር አጥቅሳ አጎረሰቻቸው። ሲኞራ አላምጠው ዋጡ። ሁለተኛውን አዘጋጅታ «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሲኞራዬ» ብላ በአማርኛ ስትነግራቸው፣ አፋቸውን በመክፈት ፈንታ የራሳቸውን እጅ ሰደው፣ ከዳቦው ቆርሰው፣ ምስሩን ነክረው ወደ እናቴ አፍ ዘረጉ። እናቴ ስትጎርስላቸው ነው ሁለተኛውን የተቀበሉት።

ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሕግ ይኸው ሆነ። እናቴ ታጎርሳቸዋለች፣ እሳቸው መልሰው ያጎርሷታል፤ እሷ ካልጎረሰችላቸው ቀጣዩን በፍጹም አይቀበሉም። እናቴ ጥፍሯን እስከ ሥሩ ቆረጠች፣ ከምግብ በፊት እጇን ሦስት ጊዜ ትታጠባለች፣ የዚያ አረንጓዴ ሳሙና ሽታ ዛሬም የልጅነቴ የምሳ ሰዓት ሽታ ነው። የሚያስቸግረው ጾሙ ነበር። ያጎረሰቻቸው ወደ ራሷ ስለሚመለስ፣ በጾም ቀን የምታበስልላቸው እሷም የምትበላውን ብቻ ሆነ። ጠዋት ላይ እንቁላል በስኳር መትታ፣ ወተትም ጨምራ በኩባያ ትሰጣቸዋለች፤ ምሳና እራት ግን ምስር፣ ሽምብራ፣ ቅቤና አይብ ያልነካው ፓስታ። እንዲህ ሆኖ ሲኞራ ሳያውቁት ረቡዕና ዓርብን፣ ኋላም ሁዳዴን ከእኛ ጋር ያዙ። እትዬ ጥሩ ይህን ሲሰሙ «አንቺ ሴትዮ፣ ሳታስጠምቂ አስጾምሻቸው እኮ!» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ሲኞራ መልሰው ሥጋ ለበሱ፣ ጉንጫቸው ቀላ። የእኔ ፍርሃት ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም አሁን የምንደብቀው ነገር ስላለ በእጥፍ ጨመረ። እናቴ ትከሻዬን ይዛ «ጽጌ፣ ይህ ነገር ከዚህ ማድ ቤት አይወጣም። ሲኞር ፓኦሎ እናቱ በሰው እጅ እንደምትጎርስ ካየ አለቀልን» አለችኝ። በትምህርት ቤት መምህሯ «ቤት ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ?» ስትል እንኳ እጄን አላወጣም ነበር።

የጥር ወሩን ምሳ ያለፍነው በእናቴ ብልሃት ነው። ሲኞር ፓኦሎ ገና ወንበር ሳይስብ «ሲኞራ ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ሱፕሊ፣ ሱፕሊ ይላሉ» አለችው። ሱፕሊ ከሩዝና ከቲማቲም ተድቦልቡሎ መካከሉ ላይ አይብ ተደርጎ የሚጠበስ፣ በወረቀት ተይዞ በእጅ የሚበላ ነገር ነው። ሹካ አያስፈልገውም፤ ሲኞራም ሲጨብጡት ሙቀቱ ደስ አላቸውና ሁለት በሉ። ልጃቸው «ብራቫ፣ ማማ!» እያለ አጨበጨበላቸው። እናቴ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጠችኝ።

በመጋቢት ግን ብልሃቱ አልሠራም። ሲኞር ፓኦሎ «አሁን የካርቾፎ ወቅት ነው፣ እናቴ ከካርቾፎ የምትወደው የለም» ብሎ፣ ያንን ቅጠሉ እንደ እንቡጥ የተደራረበ አትክልት በዘይት የበሰለውን፣ በሳህን ከነሹካው አመጣ። እናቴ ሁዳዴ ላይ ስለነበረች ለእሷ ያመጣላትን አይብ «አይ ሲኞር፣ ሆዴን ያመኛል» ብላ ወደ ጎን ገፋችው፤ ለጾሟ ስትል ዋሸች። ሲኞራ ሹካውን አነሱ። ግማሽ መንገድ እንደደረሱ እጃቸው ቆመ፤ ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ተከፈቱና ሹካው ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ጮኸ። ያ ድምፅ ነው እስከ ዛሬ የሚከተለኝ። እናቴ ጎንበስ ብላ «የገበያ ሹካ እኮ ያንሸራትታል» ስትል፣ ሲኞር ፓኦሎ ሹካውን አላየም፤ የእናቱን እጅ ነበር የሚያየው።

«እስከዚያ ሥራ አይለቀኝም፤ በነሐሴ እመጣለሁ» አለ፣ መነጽሩን ሳያወልቅ። «ማረፊያው ቦታ ይዞልኛል። በነሐሴ እንወስናለን።»

ያን ጸደይ እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ ሲኞራን አስቀምጬ፣ የፕላስቲክ ሹካ አስይዤ፣ እጃቸውን በእጄ ደግፌ አለማምዳቸው ነበር። አንዳንድ ቀን ሦስት ጉርሻ ድረስ ይሄዱና፣ በማግስቱ ሹካውን ፀጉራቸው ውስጥ ሰክተው አገኛቸዋለሁ። እናቴ የሌላ ሰው ቤት ሥራ ካለ እያለች በየሐሙሱ ታጠያይቃለች፤ የሚገኘው ሁሉ «ልጅ የሌላት» የሚል ነበር። ያንን ስትሰማ ቶሎ ብላ ወሬ ትቀይራለች፣ እኔ ግን ሰምቼ ጨርሻለሁ። እኔ ባልመጣ ኖሮ እናቴ እንዲህ እንደማትጨነቅ ገብቶኝ ነበር፤ ያንን ሐሳብ ለማንም አልተናገርኩም።

ነሐሴ ሲጠባ ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፤ አክስቴ ጋ ሳለሁም ከጎረቤት ልጆች ጋር ማን ሳያፈርስ እንደሚጨርስ እንፎካከር ነበር። ያን ዓመት ግን ለፉክክር አልጾምኩም። «እመቤቴ፣ አሥራ ስድስቱንም ቀን እጾምልሻለሁ፣ አንቺ ሹካውን ያዢልኝ» ብዬ ተሳልኩ። እናቴ ደግሞ ፍልሰታን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አንድም ቀን አፍርሳ እንደማታውቅ፣ እኔን ያረገዘች ጊዜ እንኳ እንዳልተወችው በኩራት ትናገር ነበር፤ ከዚህ ሌላ የምትኮራበት ነገር ሰምቼ አላውቅም።

የመወሰኛው ቅዳሜ በፍልሰታ አጋማሽ ላይ ዋለ። እናቴ ሲኞራን ጠጉራቸውን አበጥራ፣ ሰማያዊውን ቀሚስ አልብሳ፣ እኔን ደግሞ «ሱፕሊ ነው የምንለው፣ አንቺም ሱፕሊ ነው የምትዪው፤ ለእኛ ቲማቲም በዳቦ ይበቃናል» ብላ አስጠናችኝ። ገበያው ግን ጭር ብሏል። በነሐሴ ሮማውያን ወደ ባሕር ስለሚሄዱ ግማሹ መደብር ተዘግቶ፣ የሱፕሊው ሰውዬ በር ላይም «ለዕረፍት ዘግተናል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እናቴ ወረቀቱ ፊት ቆማ ደጋግማ አነበበችው፤ ደግማ ብታነበው ቃሉ የሚለወጥ ይመስል።

ክፍት የነበረው ፓስታ የሚሸጥ ቤት ነው። ሳህኑ መጣ፣ ሹካው መጣ። ሲኞር ፓኦሎ ከእናቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ አጠገቡ ሰማያዊ ፋይል አኑሯል፣ በፋይሉ ላይ የማረፊያው ቤት ፎቶግራፍ ነበር፤ የአትክልት ቦታ፣ ነጭ ወንበሮች። ሲኞራ ሹካውን አልነኩትም። «ማማ፣ ማንጃ፣ ብይ እንጂ» አላቸው። ሹካውን አንስቶ መዳፋቸው ውስጥ አስቀመጠው፤ ጣቶቻቸውን አጠፈላቸው። እኔ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት ሳልል ሹካው ወደቀ። ያ ድምፅ። ማንም አላነሳውም። ሲኞር ፓኦሎ «ቢያንስ ጣፋጭ ነገር እንብላ» ብሎ ተነስቶ፣ አራት ማሪቶዞ አመጣ፤ ሆዱ ተሰንጥቆ ክሬም እስኪተርፈው የተሞላ ለስላሳ ዳቦ ነው። ሲኞራ የራሳቸውንም አላዩትም። እጃቸው ጭናቸው ላይ ነበር።

«አዝናለሁ፣ ዘነበች» አለ ሲኞር ፓኦሎ። ፋይሉንም ከፈተው።

ከዚያ ያደረግኩትን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል። የእኔ ማሪቶዞ ሳይነካ ፊቴ ተቀምጧል። ቆረስኩት፣ ክሬሙን አስነካሁት፣ ከወንበሬ ተነስቼ «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሲኞራዬ» ብዬ ልክ እንደ እናቴ ወደ አፋቸው ዘረጋሁ። ሲኞራ አፋቸውን ከፈቱ። አላመጡ፣ ዋጡ፣ ከንፈራቸውንም ላሱ። እናቴ «ጽጌ!» አለች። የስምንት ወር ምስጢራችንን በአንድ ጉርሻ አወጣሁት። ሞኝነቴ ግን በዚያ አላበቃም፤ ጉርሻው መመለሱን ጭራሽ ረስቼው ነበር።

ሲኞራ እጃቸውን ከጭናቸው አነሱ። ከማሪቶዞው ትልቅ ቁራሽ ገምሰው፣ ክሬሙ በጣቶቻቸው መሀል እየወረደ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እናቴ ዞረው ዘረጉላት። «ዘነበች» አሉ። እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

እናቴ ካልጎረሰች ሌላ አይበሉም። ከጎረሰች ፍልሰታ ፈረሰ። ሲኞር ፓኦሎ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ እሱ የሚያየው እናቱ በራሷ እጅ ምግብ ማንሳቷን ብቻ ነው። እናቴ የተዘረጋላትን እጅ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ቁጣ አልነበረም፤ ይቅርታ የምትጠይቀኝ ነበር የምትመስለው። ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። ክሬሙ አገጯ ላይ ቀረ፤ አልጠረገችውም። ሲኞራ በእርካታ ራሳቸውን ነቅንቀው ለተራቸው አፋቸውን ከፈቱ። እንዲህ እየተቀባበሉ የእኔን ማሪቶዞ ጨርሰው የራሳቸውን ጀመሩ፤ እናቴ በጎረሰች ቁጥር ዓይኗን ትጨፍን ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ሲኞር ፓኦሎ።

«ከገና በፊት ጀምሮ» አለች እናቴ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሲኞር። በሹካ እምቢ አሉኝ። በማንኪያም እምቢ አሉ።»

መነጽሩን አወለቀ፤ በዚህ ጊዜ ግን አልወለወለውም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዓይኖቹን በመዳፉ ሸፈናቸው። ሲነሳ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ሹካ አነሳና፣ ልቡ ሌላ ጋ ስለነበር ነው መሰለኝ፣ ሹካውን ኪሱ ከቶት ሄደ። ፋይሉን በብብቱ ይዞ «በጥቅምት እንገናኛለን» አለን። ያ ብቻ ነበር ውሳኔው።

የቤታችንን ደረጃ ስንወጣ እናቴ ሲኞራን በክንዳቸው ደግፋ ትሄዳለች፣ እኔ ከኋላ ነኝ። መደሰት ነበረብኝ፤ አለቀስኩ እንጂ።

«እማዬ፣ በእኔ ምክንያት ጾምሽ ፈረሰ።»

«አፌ ነው የበላው፣ አንቺ ምን አደረግሽ?» አለችኝ ሳትዞር። «ይልቅ ነይ፣ ያዢያቸው፣ እጄን ልታጠብ።»

ለንስሐ አባቷ ተናግራለች፤ ምን እንዳሏት ግን አልነገረችኝም። ፍልሰታ በተፈታ ማግስት እትዬ ጥሩ ዶሮ ሠርተው ፒኜቶ ጠሩን፤ ሁሉም ሲበላ እናቴ ዳቦና ቲማቲሟን ይዛ ተቀመጠች። «አንቺ ሴትዮ፣ መቁጠር ጠፋሽ? ትናንት እኮ አለቀ!» ቢሏት «የእኔ ዛሬ ነው የሚያልቀው» አለች። እትዬ ጥሩ ሊቀልዱ አፋቸውን ከፈቱና ፊቷን አይተው ተዉት። ሲኞራ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት በቤታቸው ኖሩ፤ በአልጋቸው ላይ፣ የእናቴን ስም እንደያዙ አረፉ። ያኔ እናቴ ረጅሙን ፔርሜሶ አግኝታ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ እናቴን ቴስታቾ ገበያ ምሳ ጋበዝኳት። አሁን በየሦስት ወሩ የምጋብዛት እኔ ነኝ፤ ሳላስበው ልማድ ሆነብኝ። ቀኝ እጇ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ይንቀጠቀጣል፤ ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነግሮኛል፣ ለእሷም ነግሬያታለሁ፣ «ዕድሜ ነው» ብላ ዘጋችው። ቺኮሪያ የሚባለውን መራራ ጎመን በዘይት አዘዘች፤ እኔ አውቄ ማሪቶዞ ባመጣላት «የእኔ ዛሬ ነው የሚያልቀው» ብላ በወረቀት እንድጠቀልልላት አደረገች። ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው፣ አንድም ዓመት በፈረሰችው ቀን ፈንታ የምትጾመውን አሥራ ሰባተኛውን ቀን አልተወችም። ወሬ ይዘን ሳለ ሹካዋ ወደቀ። ያ ድምፅ። ቀና ስል አስተዋልኩት፤ ሹካውን ሳይሆን እጇን እያየሁ ነበር፣ ልክ እንደ ሲኞር ፓኦሎ። ያን ሰው ለዓመታት እንደ ፈታኝ ነበር የማስበው። ለካስ ይፈራ ነበር። ያኔ እኔ የምፈራው ከዚያ ቤት መውጣትን ነው፤ ለቤት ደግሞ ሌላ ቤት ይገኝለታል። አሁን እንዳላጣት የምፈራት ግን ምትክ የላትም።

ሌላ ሹካ ላመጣላት ስነሳ ክንዴን ያዘችኝ።

«ወዴት ነው? እጅ አለኝ እኮ» አለች።

ቺኮሪያውን በዳቦ ጠቅልላ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ዘይቱ ጠረጴዛው ላይ እየተንጠባጠበ፣ ወደ እኔ ዘረጋችው። ጎረስኩላት። ከዚያ ከዳቦው ቆረስኩና መለስኩላት፤ እሷም አፏን ከፈተች፣ በዚህ ጊዜ ዓይኗን ሳትጨፍን።